የካምፓስ ልጅ ስለ ወሲብ ጤና የሚማረው ከቲክቶክ ሆኗል፣ ክበባችን ቻናል ሊከፍት ነው ምከሩን

የሦስተኛ ዓመቷ፦

ሰላም ለሁላችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ከአዲስ አበባ ውጪ ያለ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ነኝ። የጤና ተማሪ አይደለሁም ግን የሴት ተማሪዎች ክበብ ውስጥ ስላለሁ ዘንድሮ "ስለ ስነተዋልዶ ጤና የቴሌግራም ቻናልና ቲክቶክ እንክፈት" ተባለና ሥራው እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች ላይ ተጣለ። ነገሩ የመጣው የአዳራሹ ስልጠና ሰው እያጣ ስለሄደ ነው። የሚመጣውም ለለስላሳና ለብስኩቱ ነው፣ አሰልጣኙ ስላይዱን ያነባል፣ "ጥያቄ ያለው?" ሲል ጭጭ፣ ዶርም ስንገባ ግን ጥያቄው ይዘንባል።

ዶርም ስድስት ነን። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ሁሉም ስልኩ ላይ ነው፣ አንዷ "ኧረ ይሄን ስሙ" ትልና ድምፁን ትለቀዋለች፣ ከዛ ክርክር ነው። በዚህ ሴሚስተር ብቻ ምን ያልሰማሁት አለ፣ ሽንት ላይ ጨው ጨምረሽ አረፋ ካወጣ አርግዘሻል፣ ፖስት ፒል (ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው የድንገት መከላከያ) በዓመት ከሁለቴ በላይ የወሰደች ትመክናለች፣ ዲፖ (የመከላከያ መርፌው) ማህፀን ያደርቃል፣ ፔሬድሽ እንደሄደ ያለው ሳምንት ሁሌም ሴፍ ነው ምናምን። አብዛኞቹ ይሄን የሚያወሩት ነጭ ጋውን ለብሰው ነው። ጋውን እኮ መርካቶ ብር ያለው ሁሉ ይገዛዋል። ግን ደሞ ላለመዋሸት እዛው ቲክቶክ ላይ ስማቸውንና ሙያቸውን ተናግረው በአማርኛ ቁልጭ አርገው የሚያስረዱ ጎበዝ ዶክተሮች አሉ፣ እኔ ራሴ ስለ ማህፀን በር ካንሰር ክትባት ምንነት የገባኝ ከነሱ ነው። ችግሩ ስልኩ ሁለቱንም እኩል ያመጣልሻል፣ እንደውም የሚያስደነግጠውን ያስቀድማል።

እና ጥያቄዬ፣ ቻናሉ ላይ ምን ብንለጥፍ ነው ከዛ ሁሉ ጫጫታ የሚለየው? የውሸቱን ቪዲዮስ በምን እንለየው? ልጆች በስም ሳይታወቁ የሚጠይቁበት የቴሌግራም ቦት (መልእክት ተቀባይ ፕሮግራም) እንክፈት ወይስ ጣጣ ያመጣል? ጤና ላይ የምትሠሩ ካላችሁ በየቀኑ የምትሰሙትን ብትነግሩን ደስ ይለኛል። የሚሳደብ ሰው ባይመጣ ደሞ የበለጠ ደስ ይለኛል 😅

ከካውንተር ጀርባ፦

እህቴ ጥሩ አስባችኋል። ፋርማሲስት ነኝ፣ የምሠራበት ቤት ካንድ ግቢ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ዶርም ሌሊት የተወራው ጠዋት እኔ ጋር ይደርሳል።

አብዛኛው ተማሪ በአፉ አይጠይቅም። ሌላ ደንበኛ እስኪወጣ የጥርስ ሳሙና እያየ ይቆማል፣ ከዛ ስልኩን አዙሮ ስክሪኑን ያሳየኛል፣ ወይ ኖት ላይ "ፖስት ፒል" ብሎ ጽፎ ወይ የቲክቶኩን ቪዲዮ አቁሞ በጣቱ እየጠቆመ። ብዙ ጊዜ የሚገባው ወንዱ ነው፣ ልጅቷ ውጪ ትጠብቃለች፣ ስለዚህ ማወቅ ያለብኝን ነገር የምጠይቀው የማያውቀውን ሰው ነው ማለት ነው። "መቼ ነበር?" እለዋለሁ፣ ይወጣል፣ ጠይቋት ይመለሳል፣ "ሐሙስ ማታ"። ቀኑ ሰኞ ነው። "ቲክቶክ ላይ አምስት ቀን ይሠራል ብለዋል እኮ" ይለኛል፣ ፊቱን ስታይው ታዝኛለሽ።

ስለዚህ ቻናላችሁ ላይ አንድ ነገር ብቻ ለጥፉ ብባል ሰዓቱን ነው የምለው። ፖስት ፒል ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሆርሞን ነው፣ እንቁላል ከኦቫሪ እንዳይወጣ ያዘገያል፣ ሥራው ይሄው ነው። እንቁላሉ ቀድሞ ከወጣ አይረዳም። የተፀነሰውን አያስወርድም፣ ፅንስም አይጎዳም። 72 ሰዓት ሲባል ተማሪ እንደ አሳይመንት ዴድላይን ያየዋል፣ 11:59 ላይ ቢያስገባም ሙሉ ማርክ የሚያገኝ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም፣ በየሰዓቱ አቅሙ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ ከ72 ሰዓት በኋላ እስከ አምስተኛው ቀን ትንሽ ሊረዳ ይችል ይሆናል እንጂ አትተማመኚበትም። እዛ ላይ የደረሰች ልጅ የሚሻላት በአምስት ቀን ውስጥ ጤና ተቋም ሄዳ ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠውን መከላከያ) ማስገባት ነው፣ የመዳብ ሉፕ እንደ ድንገተኛ መከላከያም ያገለግላል፣ ከኪኒኑ በላይ አስተማማኝም ነው፣ ይሄን ደሞ ቲክቶክ ላይ የሚያወራው የለም ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር የለበትም።

ሌላው የሚረሳው፣ ወስዳ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት መድገም አለባት። የቲቢ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ (ሪፋምፒሲን ያለበት) ወይ አንዳንድ የሚጥል በሽታ ኪኒን ከሆነ አቅሙን ያዳክመዋል፣ ለፋርማሲስቱ መናገር አለባት። ዛሬ ወስዳ ነገ ለሚፈጠረው ደሞ አይከላከልም፣ ይሄኛውን ስንቱ ነው ሳምንቱን ሙሉ ይሸፍናል ብሎ የሚያስበው መሰላችሁ። ፔሬድ ቀድሞ ወይ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል፣ ከሳምንት በላይ ከቆየ መመርመር ነው። በስትሪፕ እንጂ በጨው አይደለም። ስትሪፑ የሚፈልገው የእርግዝና ሆርሞኑን ነው፣ ጨው ምኑን ያውቃል 😂

መካንነት የሚባለው ውሸት ነው። ግን በየሳምንቱ እየመጡ የሚገዙ ልጆች አሉ፣ እነሱን "ይመክናል" ብዬ አላስፈራራም፣ ገንዘብሽንም ሰላምሽንም ይጨርሳል፣ ከመደበኛው ዘዴ ደካማ ነው፣ ሌላ አለ ነው የምላቸው።

የውሸቱን ቪዲዮ እንዴት እንለይ ላልሽው፣ እኔ መጨረሻውን ነው የማየው። "ኢንቦክስ አርጉኝ ያሉበት እንልካለን" ካለ ማስታወቂያ ነው፣ ጋውን ይልበስ ካባ ይልበስ።

የአባቱ ልጅ፦

ይቅርታ አርጉልኝና ሁላችሁም ስለ ኪኒን ነው የምታወሩት። ወላጅ ልጁን ዩኒቨርሲቲ የሚልከው ተምሮ እንዲመጣ ነው። ይሄን ነገር በአደባባይ በለጠፋችሁት ቁጥር ያላሰበውንም ታሳስቡታላችሁ። "ታቀቡ" ማለት ምን ነውር አለው? እምነትም ባህልም አለን እኮ።

የሦስተኛ ዓመቷ፦

ወንድሜ አልቀየምህም፣ መታቀብን እናስገባዋለን፣ ዶርማችን ውስጥም እስከ ጋብቻ እቆያለሁ ያሉ ሁለት አሉ፣ በጣም ነው የማከብራቸው። ግን አንዷ ባለፈው የጠየቀችኝን ልንገርህ፣ ነጭ ፈሳሽ አይታ "በሽታ ይዞኛል ወይ፣ ማንም አልነካኝም እኮ" ብላ አልቅሳለች። ቲክቶክ ላይ ፈሳሽ በሙሉ የአባላዘር ነው የሚል አይታ ነው። ጤነኛ ፈሳሽ እንዳለ የነገራት ሰው የለም። እሷም ቻናሉ ያስፈልጋታል።

የአባቱ ልጅ፦

እንደዛ ከሆነ እሺ። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው። ግን የምትለጥፉትን ቋንቋ ተጠንቀቁ፣ ከእህቴ ጋር ቁጭ ብዬ ላየው የምችለው ይሁን።

አዋላጇ፦

ልጆች እንደምን ናችሁ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ ጤና ጣቢያ የወጣቶች ክፍል ነው የምሠራው። በመጀመሪያ ስልኩን ብቻ አትርገሙት። ድሮ አንዲት ተማሪ መጥታ የፈለገችውን ለመናገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅባት ነበር፣ አሁን ገብታ "ሲስተር በክንድ የሚቀበረው ይሻለኛል ወይስ ሉፕ" ብላ ነው የምትጀምረው። ያንን ስልኩ ነው ያመጣልኝ። የኔ ችግር ከፍርሃት ጋር አብራ መምጣቷ ነው። ዲፖ ማህፀን አያደርቅም። በየሦስት ወሩ የሚወሰድ መርፌ ነው፣ ፔሬድ ሊያዛባ ወይ ሊያቆም ይችላል፣ ይሄንን "ደም ማህፀኗ ውስጥ ተጠራቀመ" እያሉ ያስፈራሯታል፣ የሚጠራቀም ነገር የለም፣ ሽፋኑ ሳስቶ ነው። ካቆመችው በኋላ ለማርገዝ ወራት ሊዘገይባት ይችላል፣ ይሄ እውነት ነው፣ ልንደብቀው አይገባም፣ ግን መዘግየትና መምከን አንድ አይደለም።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ሴት ልጅን ሊያመክን የሚችል ነገር አለ፣ ፖስት ፒል ግን አይደለም፣ ያልታከመ ክላሚዲያና ጨብጥ ነው፣ ሁለቱም የአባላዘር በሽታ ናቸው። የማህፀን ቱቦ ያበላሻል። እና ሴቷ ላይ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ይሄ ቪዲዮ ሆኖ ቫይራል ሲሆን አይቼ አላውቅም። የሚሆነውን ላስረዳችሁ፣ ልጁ ሲሸና ያቃጥለዋል፣ ጓደኛው ወይ ቴሌግራም ግሩፕ አንድ አንቲባዮቲክ ስም ይነግረዋል፣ ገዝቶ ሁለት ቀን ይውጣል፣ ምልክቱ ይጠፋል፣ ለልጅቷ አይነግራትም። እሷ ምልክት የላትም ስለዚህ አትመጣም። ከሳምንት በኋላ መልሳ ትሰጠዋለች፣ እሱ "መድኃኒቱ አልሠራም" ይላል። እኛም አገር ሕክምናው የሚሰጠው በአብዛኛው ምልክት ታይቶ ስለሆነ ምልክት የሌላት እጃችን ላይ ሳትወድቅ ታልፋለች። ቻናላችሁ ላይ "አንተ ካቃጠለህ እሷም ትታከም" የምትል አንዲት መስመር ብትለጥፉ ከመቶ ዳንስ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። ተገዳ ለተደፈረች ልጅ 72 ሰዓት የሚባለው ነገር እዚህም አለ፣ ኤችአይቪ እንዳይዛት የሚሰጥ መድኃኒት አለ፣ ከ72 ሰዓት በፊት ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። እዚህም ሰዓት ነው፣ በቶሎ በመጣች ቁጥር ይሻላል። ልብሷን ሳትቀይር ሳትታጠብ ብትመጣ ለማስረጃ ይጠቅማል፣ ግን ታጥባም ቢሆን ትምጣ፣ "ታጥቤያለሁ አበቃ" ብለው የሚቀሩ አሉ። አዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታል ሕክምናውም ፖሊሱም ምክሩም አንድ ቦታ የሚሰጥበት ማዕከል አለው፣ በክልልም ትልልቅ ሆስፒታሎች ጋር ጠይቁ፣ እናንተ ቀድማችሁ አጣርታችሁ ያዙ፣ በዛ ሰዓት እሷ ስልክ የምትፈልግ ሰው አይደለችም።

ሦስተኛ፣ ቴሌግራም ላይ ስለሚሸጠው የማስወረጃ ኪኒን። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 በተደፈረች፣ ከቅርብ ዘመድ ባረገዘች፣ ሕይወቷ ወይ ጤናዋ አደጋ ላይ በሆነ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ችግር ባለበት፣ ወይ ለአካለ መጠን ባለመድረሷ ወይ በአካል ወይ በአእምሮ ጉድለት ምክንያት ልጅ ለማሳደግ ዝግጁ ባልሆነች ልጅ ላይ በጤና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል። የተደፈረች ከሆነ የሷ ቃል ይበቃል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ አትባልም። ብዙ ተማሪ ይሄን ስለማያውቅ ወደ ማያውቀው ሻጭ ይሄዳል። እርግዝናው ስንት ሳምንት እንደሆነ ያላየ፣ ከማህፀን ውጪ ይሁን አይሁን ያልመረመረ ሰው የላከውን ኪኒን ዶርም ውስጥ መዋጥ ምን እንደሚያመጣ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ዝርዝሩ ይቅር።

የክትባቱን ነገር ካነሳሽው አይቀር፣ በ2011 14 ዓመት የሞላቸው ልጃገረዶች ላይ ነው የተጀመረው። የናንተ ባች እኮ ናችሁ! ያኔም "ያመክናቸዋል" ተብሎ ወሬ ነበር። እስቲ ዶርም ውስጥ ማን እንደወሰደ ተጠያየቁ። የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ደሞ ለሕፃናት መሰጠት የጀመረው በ1999 ነው፣ ከዛ በፊት የተወለደ ተማሪ አብዛኛው አልወሰደም፣ እሱም በግንኙነት ይተላለፋል፣ ከኤችአይቪ ጋር አብራችሁ ተመርመሩ።

ብሎክ 14፦

እኔ የምለው ሁሉም ፖስት ለሴት ነው። ወንዶች ዶርም ስምንት ነን፣ ማን ያስተምረን? የኛ መምህር ምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፣ ቪፒኤን ከፍቶ የሚታየው። ከዛ ቪዲዮ ጋር ራሱን እያወዳደረ የሚጨነቅ ጀለስ አለኝ፣ ሳይነካት ነው ገና የፈራው፣ ቴሌግራም ላይ የሆነ "ማሳደጊያ" ቅባት በሁለት ወር የኪስ ገንዘብ ገዝቶ ቆዳው ተላጠ። ክሊኒክ ሂድ ስንለው "ምን ብዬ ልንገራቸው" አለ። ሳቅንበት ግን የሚያስቅ አይደለም።

ከካውንተር ጀርባ፦

@ብሎክ 14 ይሄን ስላነሳህ ተባረክ። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ምንም የሌለበት፣ ቪያግራ ስጠኝ ይለኛል። "ለምን?" ስለው "ለመጠንቀቅ"። ምን የሚሉት መጠንቀቅ ነው! ናይትሬት የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዋጠው የደም ግፊቱን አውርዶ ሊገድለው ይችላል፣ ጤነኛ ልጅ ላይም ቢሆን ራስ ምታትና ልብ ምት አለው፣ ዋናው ጉዳቱ ግን ያለሱ አልችልም ብሎ ጭንቅላቱ ውስጥ መቀበሩ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ መደንገጥ በሽታ አይደለም። ቅባቶቹ ደሞ ውስጣቸው ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅም።

ኮድ ጻፊው፦

ስለ ቦቱ ልመልስ፣ ሶፍትዌር ነው የምማረው። እህቴ "በስም ሳይታወቁ" ስትሉ ተጠንቀቁ። ሰው ቦት ጋር ሲጽፍ ስልክ ቁጥሩ ካላጋራ በቀር አይታይም፣ ግን የአካውንቱ መለያ ቁጥር፣ ያስገባው ስምና ዩዘርኔሙ ለቦቱ ባለቤት ይደርሳል። ግሩፑ ላይ አይታይ እንጂ አድሚኑ ከፈለገ ያያል። ብዙ የካምፓስ ኮንፌሽን ቻናል እንደዚህ ነው፣ ልጆች ስውር ነን ብለው ሆዳቸውን ይዘረግፋሉ፣ አድሚኑ ደሞ የዛው ዲፓርትመንት ልጅ ነው። በአንድ ግቢ አድሚን ከልጅ ጋር ሲጣላ የጻፈችውን ስክሪንሹት አርጎ ያወጣበትን አውቃለሁ፣ ልጅቷ ሴሚስተሩን አቋረጠች።

ስለዚህ ወይ ቦቱን መለያውን እንዳይመዘግብ አርጋችሁ ሥሩት (ከፈለጋችሁ እረዳችኋለሁ፣ ከባድ አይደለም) ወይ በግልፅ "አድሚን ስምሽን ሊያይ ይችላል" ብላችሁ ጻፉ። ሌላ አካውንት ያላቸው በሱ ይጠይቃሉ። አድሚን ደሞ ሦስታችሁም ብቻ ሁኑ፣ ጂሲ (ተመራቂ) ሆናችሁ ስትወጡ ለማን እንደምታስረክቡ ከአሁኑ አስቡ፣ ያ ሁሉ ጥያቄ ማን እጅ ላይ ነው የሚቀረው?

ቲክቶክ ላይ ቃሉን በቀጥታ ከጻፋችሁ ቪዲዮው ሊደበቅ ወይ ሊነሳ ይችላል፣ ለዛ ነው ሁሉም ፊደሉን በነጥብ እየቆራረጠ የሚጽፈው። ውጤቱ ምንድነው፣ አንድ ልጅ "ኮንዶም" ብሎ ሰርች ሲያረግ ትክክለኛውን አያገኝም ምክንያቱም ሐኪሙ በነጥብ ነው የጻፈው። ስለዚህ ቲክቶኩን ሰው መጥሪያ አርጉት፣ ሙሉውን ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ ሰርች ሲደረግ በሚገኝ ቃል አስቀምጡ። እና ፒዲኤፍ አርጋችሁም ያዙት። የካቲት 2015 ቲክቶክ ቴሌግራም ፌስቡክ ዩቲዩብ አንድ ላይ ሲዘጉ ወራት ነው የቆየው፣ ቪፒኤን የሌለው ልጅ ምንም አላገኘም። ወረቀት ላይ ታትሞ የሴቶች መታጠቢያ ቤት በር ጀርባ የተለጠፈ ነገር አይዘጋም።

ጋሼ፦

እናንተ ልጆች ስታወሩ አዳመጥኩና ትዝ አለኝ። በኛ ጊዜ 952 የሚባል የስልክ መስመር ነበር፣ ወገን ይባላል፣ ስለ ኤችአይቪ ያሻህን የምትጠይቅበት ነፃ ስልክ። እኛ ተማሪ ሳለን ሳንቲም እንኳ ሳያስፈልገን ደውለን ድምፃችንን ቀይረን "ለጓደኛዬ ነው" እያልን እንጠይቅ ነበር። የሚመልሱት ሴትዮ ጓደኛዬ እንደሌለ ያውቃሉ፣ "ለጓደኛህ እንዲህ በለው" ብለው ነበር የሚመልሱልኝ። ስም አይጠይቁም፣ አይቆጡም። ያን ጊዜ ኤድስ ሰው ይጨርስ ስለነበር በየግቢው ፀረ ኤድስ ክበብ፣ በየበሩ የነፃ ኮንዶም ሳጥን ነበር። አሁን ልጄ ካምፓስ ናት፣ ኤድስ ሲባል የታሪክ ትምህርት ይመስላታል። መድኃኒቱ ስለመጣ ፍርሃቱ ሄደ፣ ፍርሃቱ መሄዱ ጥሩ ነው፣ ምርመራውም አብሮ ባይሄድ ኖሮ።

አዋላጇ፦

ጋሼ ልክ ብለዋል። ኤችአይቪ ላይ ልጨምር፣ ትናንት ተገናኝቶ ዛሬ ተመርምሮ "ነፃ ነኝ" ብሎ ስቶሪ የሚለጥፍ አለ 🤦🏾‍♀️ ምርመራው አዲስ የተያዘን ወዲያው አያሳይም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እስከ ሦስት ወር ድረስ መድገም አለበት። ወረቀቱ የሚናገረው ስለ ትናንት ሳይሆን ከወራት በፊት ስለነበረው ነው።

የሦስተኛ ዓመቷ፦

ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ይሄን ያህል አልጠበኩም። ቦቱን መለያ እንዳይመዘግብ አርገን እንሠራዋለን፣ ኮድ ጻፊው በኢንቦክስ እመጣለሁ። የመጀመሪያ ፖስታችንን ጽፌዋለሁ፣ እዩልኝ፦

"ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ (ፖስት ፒል) ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ከተፈጸመ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ሊወሰድ ይችላል። የጎንዮሽ ጉዳት የለውም። ከአባላዘር በሽታ አይከላከልም። ለበለጠ መረጃ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይሂዱ።"

ከካውንተር ጀርባ፦

አብዛኛው ልክ ነው ግን ብሮሹር ነው፣ ማንም አያነበውም። "ሊወሰድ ይችላል" የምትለው ናት ሐሙስን ሰኞ የምታረገው። "ትናንት ማታ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ውሰጂ፣ ክላስ ቅሪ" በዪ። "የጎንዮሽ ጉዳት የለውም" የሚለውን አውጪው፣ ማቅለሽለሽ፣ ራስ ምታት፣ የፔሬድ መዛባት አለው፣ የለውም ብለሻት ነገ ሲያቅለሸልሻት ሌላውንም አታምንሽም። ማስመለሱንና የቲቢ መድኃኒቱን ጨምሪ። እስከ አምስት ቀን ድረስ ሉፕ እንዳለም። "ጥንቃቄ የጎደለው" ደሞ ተግሣፅ ይመስላል፣ ኮንዶም የተቀደደበትስ? "ያለ መከላከያ ከሆነ ወይ ኮንዶሙ ከተቀደደ" በዪው።

ብሎክ 14፦

"ውሰጂ" ብቻ አይሁን፣ ፋርማሲ የሚገባው ወንዱ ነው ተብሏል እኮ። "ልትገዛላት ከሆነ መቼ እንደነበር፣ የምትወስደው ሌላ መድኃኒት ካለ ጠይቃት ግባ" የሚል ይኑርበት።

አዋላጇ፦

እኔ የመጨረሻዋን መስመር ነው የምጠላው። "በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም" ማለት የትም አትሂዱ ማለት ነው። የትኛው? ስንት ሰዓት ይዘጋል? የትኛው ክፍል? ካርድ ክፍል ላይ ምን ብላ ትናገር? እኛ ጋር ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ነው፣ ከኋላ ሰልፍ አለ፣ "ምንሽን ነው የሚያምሽ" ተብላ ጮክ ብላ መመለስ ያቃታት ልጅ ስንቴ ተመልሳ ሄዳለች። "ቤተሰብ ምጣኔ ክፍል" ብቻ ካለች ይበቃታል፣ ይሄን ጻፉላት። የመንግሥት ጤና ጣቢያ ላይ መከላከያ በነፃ ነው፣ ይሄንንም ጻፉ። ከተማችሁ ውስጥ ሜሪ ስቶፕስ ወይ ቤተሰብ መምሪያ ማኅበር ክሊኒክ ካለ እሱንም፣ ሰዓቱን ግን ራሳችሁ ሄዳችሁ አይታችሁ፣ ከኢንተርኔት አትገልብጡ።

የሦስተኛ ዓመቷ፦

ሲስተር አሁን ገና ገባኝ። የግቢያችን ክሊኒክ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዝግ ነው፣ እሁድ ድንገተኛ ብቻ ነው የሚያየው፣ ፖስት ፒል ይኑራቸው አይኑራቸውም እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሁሉም ነገር የሚፈጠረው ደሞ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ነው። ነገ ከክላስ በኋላ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከተማ ያሉትን ፋርማሲዎችና ጤና ጣቢያውን በእግር እንዞራለን፣ እሁድ ማን ክፍት እንደሆነ ጽፈን ነው ፖስቱን የምንለቀው። ካርድ ክፍሉንም ሰልፍ ይዤ ራሴ እሞክረዋለሁ።

ብሎክ 14፦

ከወንዶቹ በኩል ፋርማሲዎቹን እኔና ጀለሴ እንዞራለን፣ ሼም ያዘው ግን እሺ ብሏል። ስትጨርሱ ሊንኩን ጣሉ።